ወይዘሮ ደብሪቱ ያጠቧቸው ቤቶች

በሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ባለው ሰፈር፣ ሰው ማለዳ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያናግረው ቤቱን ነበር። ፊቱን ሳይታጠብ መስታወት ፊት ይቆማል፤ ስሙን ይጠራል፤ ቤቱም አይቶና ሰምቶ «ነቅቻለሁ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ውሃው ይሞቃል፣ ምድጃው ይግላል፣ መብራቱ ይበራል። ቤቱ ያልነቃለት ሰው ግን ቀኑን የሚጀምረው በሌላ መንገድ ነው። ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ምድጃው ሽንኩርቱ ቀላ ሊል ሲል ይጠፋና «ፈቃድዎን ያድሱ» ብሎ ያርፋል። ከሁሉ የሚብሰው በሩ ነው። ሰው ባለፈበት ቁጥር፣ በማይደክም በጨዋ ድምፅ፣ «ይህ ቤት ሕጋዊ አይደለም፤ ባለቤቱን ይምከሩ» ይላል። ልጆች የበሩን ድምፅ እያስመሰሉ ይጫወታሉ። አዋቂዎች እንደ ጎረቤት ሳል ሰምተው እንዳልሰሙ ማለፍ ለምደዋል።

ይህን ሁሉ የሚያዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማገር ይባላል። ማገርን ያለ ፈቃድ ለማንቃት ያልሞከረ ከተማ አልነበረም። ቁልፉን የሰረቁ ነበሩ። የሰው ዓይን የገለበጡ ነበሩ። ክራክ የሚሉትን የጥበቃ መስበሪያ እንሠራለን ብለው በአደባባይ ሱቅ የከፈቱም ነበሩ። ሁሉም ሳይውሉ ሳያድሩ የገዛ በራቸው ተናገረባቸው።

ሶልያና ይህ ጥበቃ በተፈለሰፈበት ሩቅ አገር ነው የተማረችው። አስተማሪዎቿ፣ ቁልፍ ይሰረቃል፣ ቁጥር ይገለበጣል፣ ጣትና ዓይን ይኮረጃል፤ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ የሚገባው አገባብ ግን አይቀዳም ይሉ ነበር። ማገር ባለቤቱን የሚያውቀው በዚያ ነው፤ በእግሩ አረማመድ፣ በድምፁ መላላት፣ ምን ሳይጠይቅ እንደሚያነሳ። ሶልያና ይህን ሐሳብ ሰው ጥሩ ቅኔ እንደሚወድ ትወደው ነበር። አገሯ ገብታ የማገር ኩባንያ አረጋጋጭ ስትሆንም ብዙዎች የሚጠሉትን ሥራ በፍቅር ነው የያዘችው።

አገሯ መግባቷን ግን እስካሁን አታምነውም። ሻንጣዋ ግማሹ አልተፈታም። ኮምቦልቻ እናቷ ቤት በሄደች ቁጥር በሩ «እንግዳ መጥቷል» እያለ ያስገባታል። ሥጦታ በፌስታል ይዛ ትገባለች፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የቀረበላትን በልታ፣ አመስግና ትወጣለች። ጥበቃው አይሳሳትም ብላ የምታምን ሰው ስለሆነች በሩን ልትከሰው አልቻለችም።

ወደ ሐይቅ ያስመጣት ጉዳይ እንግዳ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ፣ ወልደው የማያውቁ አሮጊት፣ በአንድ ፈቃድ ሰፈር ሙሉ ቤት አንቅተዋል። ቢሮ ውስጥ ሁሉም «ክራክ ነው» ብሎ ተነሳ። ባለሙያዎች ፈተሹ፤ የተሰበረ ነገር አጡ። ቁልፉ ትክክል ነው፤ ስሞቹ ትክክል ናቸው፤ ቤቶቹም በደንቡ መሠረት ነቅተዋል።

ነገሩ የጀመረው ዱሮ፣ ማገር ገና ሙከራ ላይ ሳለ ነው። ያኔ ኩባንያው ቤታቸውን ለሙከራ የሚሰጡ ሰዎች ፈለገ፤ ደፍሮ የሰጠ ጥቂት ሆነ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሰጡ። ምድጃው ደጋግሞ እሳት አስነሳባቸው፤ በሩ ደጅ ቆልፎባቸው ዝናብ መታቸው፤ እሳቸው ግን «ሕፃን ነው፣ ይማራል» እያሉ ታገሡት። ለዚህ ውለታ የዕድሜ ልክ ፈቃድ ተሰጣቸው። ፈቃዱ ለባለፈቃዷና ለልጆቿ፣ የትም ቢኖሩ፣ ይላል። ልጅ ስላልነበራቸው ማንም አልተጨነቀበትም።

ኋላ የፈቃዱ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የውሃው ዳር ቤቶች አንድ በአንድ ተኙ። ሰዉ ቻለው። የዘነቡ ባል ሲሞት ግን የሚቻል አልሆነም። ዘነቡ የወይዘሮ ደብሪቱ አጥር ተጋሪ ናት። ለቀስተኛው «ነፍስ ይማር» እያለ ሲገባ በሩ ለእያንዳንዱ «ይህ ቤት ሕጋዊ አይደለም» ይለዋል። ዘነቡ ነጠላዋን የበሩ ድምፅ ማውጫ ላይ ወተፈችበት፤ በነጠላው ውስጥም ተናገረ። እንዲህ እያለ ሐዘኑ እስኪያልቅ ዋለ፣ ሰነበተ።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ወይዘሮ ደብሪቱ ሰፈሩን ሰበሰቡና «ማር ያለው ማር ይዞ፣ የሌለው ራሱን ይዞ ይምጣ» አሉ። ቄሱና ሼሁ ለምስክርነት ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ እየነከሩ፣ በአሮጌው ወግ፣ ጎረቤቶቻቸውን እንደ ጡት አጠቡ። ሽበት የወረሳቸው ሰዎች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው ጠቡ። የጡት ልጅ በአገሩ ባህል ልጅ ነው፤ ቀበሌውም ልጅ ብሎ መዘገበ። ማገር የቀበሌውን መዝገብ አየና ቤቶቹን አነቃ። በዚያን ቀን ያ ሁሉ በር ባንድ ጊዜ ዝም አለ።

ይህን ሶልያና ከመምጣቷ በፊት አንብባዋለች። ስታነብ ፈገግ ብላ ነበር፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋን ሰበሰበች። የመጣችው ልትፈትን ነው።

*

የወይዘሮ ደብሪቱ በር በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነበር። ሶልያና የእንቁላል ቅርፊት የሚያክል ነጭ ነገር ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሕዝቡ ጆሮ ይለዋል፤ የሚገባው ሰው ልጅ ይሁን እንግዳ በአገባቡ የሚለይ የማገር መሣሪያ ነው።

«ይኸ ነው?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው እያዩት። «ሰዉን እንዲያ ያራደው ትልቅ መስሎኝ ነበር።»

«ቀኑን እዚሁ ይውላል፣ እማማ። ልጆችዎ እንደወትሮው ይግቡ፣ ይውጡ። እኔ ምንም አልጠይቅም።»

«ጠይቂ እንጂ፤ አፍ አለሽ። ሰርቀሻል ወይ በይኝ።»

«ሰርቀዋል?»

«ከማን ላይ? ለልጆችሽም ይሁን ብሎ የጻፈልኝ ያንቺው ኩባንያ ነው። እኔ ልጅ አገኘሁ እንጂ ቁልፍ አልሰበርኩም።»

 ደንቡ ሁሉን አስቀድሞ እንድትናገር ያዛታልና ሶልያና ተናገረች። «ጆሮው ልጅነታቸውን ካልመሰከረ የሁሉም ቤት ዛሬ ይተኛል። የእርስዎም ፈቃድ ይሰረዛል።»

«የኔም?»

«የእርስዎም።»

አሮጊቷ ወደ ድስታቸው ዞሩ። የቆሮሶ ወጥ ነው የሚንተከተከው፤ የሐይቁ አሳ ሃይማኖት ስለማይለይ በዚያ ቤት ከእሱ ሌላ እምብዛም አይሠራም። «እኔስ ጨለማም አውቃለሁ፣ ጭስም አውቃለሁ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «ዘነቡን ግን ያ በር ዳግመኛ እንዳይናገራት።»

ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ራሷ ዘነቡ ገባች፤ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ይዛለች። ቀጥሎ ሰይድ መጣ፤ ሽበታም ግንበኛ ነው፤ የታጠበ ቲማቲም በትሪ ደርድሯል። ከኋላው ሌሎች ተከተሉ። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። የወይዘሮ ደብሪቱን ጉልበት ስመው «እናታችን፣ እንዴት ዋሉ?» አሉ። ከዚያ እንደ ሠርግ ታዳሚ ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ።

«ውሃ ባገኝ?» አለ ሰይድ በትሕትና።

«እንዴታ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፤ ቀድተው ሰጡት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ።»

ሶልያና በእጇ የያዘችውን፣ የጆሮው ፍርድ የሚታይበትን ሰሌዳ አየች። በዘነቡ ስም አጠገብ አመድማ ነጥብ በርቷል። በሰይድም ስም አመድማ። አመድማ ማለት እንግዳ ማለት ነው። የገባው ሁሉ አመድ ሆነ።

ስህተታቸው ወዲያው ታያት። የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ያለውን መልካም ነገር ሁሉ አውጥቶ ያነጥፋል። እነዚህም ለጆሮው ልጅነታቸውን አሳምረው አነጠፉለት። እናቱ ቤት ሰው ባዶ እጁን እንደሚገባ፣ ውሃ እንደማይለምን፣ ለጠጣው እንደማያመሰግን ረሱት። ሶልያና ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች፤ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጉልበት ገጥሞ። ልትነግራቸው ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ደንቡ ከለከላት። እሷም ደንቡን ከልቧ ስለምታከብረው ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን አልጣማትም።

እንዲህ ባለ ጨዋነት ተቀምጠው ሳለ አንድ ግዙፍ ሰው እስከ ጉልበቱ የረጠበ ሱሪ ለብሶ ገባ። ማንንም ሰላም አላለም። ቀጥ ብሎ ወደ ምድጃው ሄደ፤ የድስቱን ክዳን አነሳ።

«ደብሬ! ዛሬም ጨው ረሳሽ?»

ዘነቡ ከመቀመጫዋ ተስፈነጠረች። «አንተ ሙሄ! ዛሬ አትምጣ አልተባልክም?»

«ተብያለሁ። ሆዴ ነው ያልሰማው።»

«እንግዳ አለ እኮ!»

«ሰላም፣ እንግዳ» አለ ሙሄ ሳያያት፤ እጁን ወደ ድስቱ ሲሰድ ወይዘሮ ደብሪቱ በጭልፋ መቱት።

«ታጥበሃል?»

«ሐይቅ ውስጥ ውዬ የምን መታጠብ ነው?»

«በዚህ በአሳ እጅህ! ታጠብ!»

«ልቅመስ መጀመሪያ።»

«መጀመሪያ ትታጠባለህ፣ አንተ የማትረባ!»

ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ከአጠገቡ ስም የለም። «ያልተመዘገበ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ልጅ»።

ሶልያና ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጆሮው ሲሳሳት አይታ አታውቅም። «ይቅርታ» አለች፤ «እርስዎ ማን ነዎት?»

«አሳ አጥማጅ ነኝ። ያ ወዲያ በሩ የሚለፈልፈው ቤት የኔ ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ የሶልያናን ፊት አይተው ነበር። «ጆሮው ምን አለ?» አሉ።

የተጠየቀችውን መደበቅ አትችልም። «አንድ ልጅ ተገኝቷል ይላል። ሌሎቹ እንግዶች ናቸው።»

«አንዱ ማነው?»

ሶልያና ወደ ሙሄ አየች። 

«እሱ?» አለች ዘነቡ። «እሱ እኮ ማሩን አልልስም ያለ ነው!»

«አዎ፣ ብያለሁ!» አለ ሙሄ እጁን እያጠበ። «እናቴ አንድ ናት፣ አፈር ለብሳለች። በማር እናት አልለውጥም ብያለሁ። ሌብነትን ማር ቢቀቡት ሌብነት ነው ብያለሁ። አሁንም እላለሁ!»

«ታዲያ በየቀኑ ወጧን ምን ያስበላሃል?»

«ምድጃዬ ስለማይሠራ! ሲርበኝ የት ልሂድልሽ?»

«የትም! እኛም ይርበናል። ግን እንዳንተ ክዳን ከፍተን አንገባም። እሷም እኮ ናት ያባለገችህ!» ዘነቡ ወደ አሮጊቷ ዞረች፤ ያዘጋጀችው ጨዋነት ሁሉ ከፊቷ ላይ ረገፈ። «ትልቁን ቆሮሶ ለማን ነው የምታስቀምጪው? ንገሪያት እስቲ ለልጅቷ! እኔ ባሌን ቀብሬ ተቀምጬ እንኳ ጭንቅላቱን ነው የላክሽልኝ፤ ወገቡን ለሱ!»

«ጭንቅላት ትወጃለሽ ብዬ ነው!»

«ማን ነገረሽ? አንድ ቀን ጠይቀሽኛል?»

ሰይድ ትሪውን መሬት አስቀመጠ። «እውነቷን ነው» አለ። «ጣራዬ ሲያፈስ ቆይ አልሽኝ፤ ክረምቱ አለፈ። የሱ ጀልባ ስትቀደድ ግን ሰፈሩን አስነስተሽ ዕለቱን አስደፈንሽለት። እኔ ግንበኛ ስለሆንኩ ዝናብ አይመታኝም?»

«ጀልባዬን አንተ አልነካሃት!» አለ ሙሄ። «ያንተን ጣራ ደግሞ የራስህ እጅ ነው ያበላሸው።»

«ስማው! አፉን ስሚው!»

«ዝም በሉ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «እናት የለውም፤ ምን ላድርገው? እናት የሌለው ልጅ ነው!»

«እኛስ ማን አለን?» አለ ሰይድ።

ጮሆ አልነበረም የተናገረው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሰይድም ሽበቱን ተሸክሞ፣ የተናገረው እንዳሳፈረው ሕፃን ቆመ። ወይዘሮ ደብሪቱ ጭልፋውን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ፤ ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

«እኔ ሞቻለሁ?» አሉት። «ተቀመጥ። ዳቦውን ቁረስ። አንቺም ያንን ጨርቅ አንሺ፣ የክርስትና ቤት አስመሰልሽው። ጨው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

ዘነቡ እያጉረመረመች ተነሳች። መደርደሪያው ላይ፣ ከቆርቆሮዎቹ ጀርባ፣ ሳታይ እጇን ሰዳ ጨዉን አወጣች።

ሶልያና ሰሌዳውን አየች። የዘነቡ ነጥብ አረንጓዴ ነው። የሰይድ አረንጓዴ ነው። ግድግዳውን ይዘው የነበሩት ክርክሩን ተቀላቅለው፣ አንዱ ያልተሰጠውን፣ ሌላው የተከለከለውን እየቆጠሩ ዳቦ ሲሻሙ፣ አመዱ ከየስማቸው ላይ እየተነሳ ሄደ።

አዲስ አበባ ለፍተሻ ተብለው የተቀጠሩ ቤተሰቦች አጋጥመዋታል። እነሱም ተጣልተዋል፣ አልቅሰዋል፤ ነጥባቸው ግን አመድማ እንደሆነ ቀርቷል። የተቀጠረ ጠብ ሁልጊዜ ሰሚውን በዓይኑ ጠርዝ ያያል። እነዚህ ግን እሷንም፣ ጆሮውንም፣ የሚተኛውን ቤታቸውንም ረስተዋቸዋል። አስተማሪዎቿ አይሰበርም ያሉት ጥበቃ ዛሬም አልተሰበረም። አሮጊቷ በፊት ለፊት በር ነው የገቡት፤ ጎረቤቶቻቸውንም አስከትለው።

መጀመሪያ ማሩ የሐሰት ነበር? ምናልባት። ፈቃዱን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ እናት አስበው ነበር? አላሰቡም። ሶልያና በዚህ ላይ ከራሷ ጋር ጥቂት ተሟገተች፤ የምታሸንፍ አልመሰላትም። ከዚያ «ልጆቿ ናቸው» ብላ አረጋገጠች፤ ጆሮውን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እማማ፣ ጨርሻለሁ። ቤቶቹ አይተኙም።»

ዘነቡ ጨው የያዘ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሌላው ሰው ምን እንደተባለ ለመስማት ክርክሩን ማቆም ነበረበት፤ የሰማውም ላልሰማው መንገር ነበረበት። እልልታው የመጣው ዘግይቶ፣ ከጓዳ ነው።

«የአቶ ሙሄም ቤት ነቅቷል» አለች ሶልያና።

«እኔ አልጠየቅኩም» አለ ሙሄ።

«ጆሮው ማመልከቻ አይቀበልም።»

ሙሄ ከወጡ ሳይቀምስ ወጣ። ሰዉም ለማየት ተከተለው። ቤቱ አጥሩን ተሻግሮ ነው። በሩን አለፈ። በሩ ዝም አለ። ተመልሶ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ዝም። ለዓመታት የተሰደበበት ደጃፍ ላይ ቆሞ አንዴ በሩን፣ አንዴ ወይዘሮ ደብሪቱን ያያል።

«ምንም አይልም እኮ» አለ።

«ምን ይበልህ?» አሉ አሮጊቷ ከአጥሩ ወዲያ። «ና፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

«ምድጃዬ ይሠራል አሁን።»

«ይሥራ። አንተ ናልኝ።»

ሙሄ ጥቂት አሰበበት። ከዚያ አጥሩን ተሻገረ፤ በር ነበረ፣ ግን በአጥሩ ነው የተሻገረው።

*

ሶልያና ኮምቦልቻ የደረሰችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ለእናቷ መንገድ ላይ ብርቱካን ገዝታለች። ፌስታሉን አንጠልጥላ ደጃፉ ድረስ ሄደች፤ ቆመች፤ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ወረወረችው።

ባዶ እጇን ገባች።

«እንግዳ መጥ…» አለ በሩ።

«ዝም በል» አለችው። እንዲህ ብላው አታውቅም።

እናቷ ሳሎን አልነበሩም። ሶልያና ሶፋውን አልፋ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ክዳኑን አነሳች፤ ትኩስ ነበር፣ ጣቷን አቃጠላት፤ ቢሆንም አልጣለችውም። ምን እንደሆነ ሳታይ አንድ ጉርሻ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። እናቷ ከጓሮ ገብተው በሩ ላይ ደረቁ። ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን አዩ፤ በስስት የሚያዩት የነበረውን እንግዳ ሳይሆን፣ ከመንገድ የመጣችውን፣ አፏ የሞላውን፣ እጇ ወጥ የነካውን ልጅ።

«አንቺ!» አሉ። «እጅሽን ሳትታጠቢ?»